የቤት ፊትና የቤት ጓሮ

ባለፈው ዓመት በመስቀል ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ እኔ ወደምኖርበት ወደ ቴፒ ሊጠይቀኝ መጣ። ቡናውን ከጠጣን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ቤቴን በእግዚአብሔር ቸርነት ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የውጭው ቀለም ብቻ ነው። ዳሩ ግን ገንዘቤ የሚበቃው ለፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው። ምን ዓይነት ቀለም ያምርበታል ይላሉ?» አለኝ። እኔም፣ «ጓሮውስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ሣቀና፣ «ጓሮውን ማን ያየዋል፣ ጋሼ!» አለኝ።

ይህን ሲለኝ ፈጥኜ መልስ አልሰጠሁትም። ስለምን ቢሉ፣ ያንኑ ቃል ከአርባ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ለአንዲት ባልቴት ተናግሬው፣ ያስከተለውንም ነገር በዓይኔ አይቼው ነበርና ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የዚያ ልጅ ጥያቄ ነው። የቤት ግድግዳ መቀባት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ቡሩሹን ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ያስባል።

ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከማሻ እስከ ቴፒ ያለው የቡና አገራችን በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ በዚህ አገር የቤት የመጀመሪያ ጠላቱ ውሃ ነው። የጭቃ ቤት እንደምን እንደሚሠራ በከተማ ያደጋችሁ ወጣቶች ላታውቁ ትችሉ ይሆናልና ባጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ቋሚው ይተከላል፤ ከዚያ ማገሩ ይማገራል፤ ቀርከሃ በሚበዛበት በሸካ ደጋ ማገሩ ቀርከሃ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አፈሩ በውሃ ይቦካል፤ ጭድ ወይም የተከተፈ ሣር ይጨመርበታል፤ በእግር እየተረገጠም ብዙ ቀን ይሰነብታል። ሣሩ በውስጡ ጥቂት ሲበሰብስ ጭቃው ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። በዚህ ጭቃ ግድግዳው ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁ በሁለተኛው ምርጊት ይደፈናል፤ በመጨረሻም ጭቃና እበት ተደባልቆ ይለቀለቃል። በእበቱ ውስጥ ያለው ያልላመ የሣር ጭረት እንደ ክር ሆኖ ጭቃውን ይይዘዋል። ቀለም የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ቀለሙም በልጅነቴ ከሱቅ የሚገዛ አልነበረም። ነጩ አፈር ከወንዝ ዳር፣ ቀዩ ከተቆረጠ ጉብታ፣ ጥቁሩ ከከሰል ይገኝ ነበር። እናቴ ነጩን አፈር በውሃ አሟሟታ፣ ጨርቅ እየነከረች ቤቱን ስትዞረው ዛሬም ይታየኛል። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ግን በጥቁር ትቀባው ነበር። «ስለምን ሁሉንም ነጭ አታደርጊውም?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ጠፈጠፉ መሬት መትቶ የሚረጨውን ጭቃ ነጭ አይችለውም፤ ስለዚህ ቤቱን ጫማ አለብሰዋለሁ» አለችኝ። ሥራዋን የምትጀምረውም ሁልጊዜ ከጓሮው ነበር፤ ነፋስ ያዘለ ዝናብ የሚመታው በዚያ በኩል ነውና።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ግድግዳውን በኖራ የምንቀባው እኛው ተማሪዎች ነበርን። ኖራው በበርሜል ውስጥ ውሃ ሲያገኝ ያለ እሳት ሲፈላ ዳር ቆመን እንደነቅ ነበር። በእጅ ሲነካ እንዳይለቅ ጨው ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ መምህራችን የማዕድ ቤቱን ጀርባ ሳንቀባ የመማሪያ ክፍሉን ፊት አያስነኩንም ነበር። ያን ጊዜ ክፋት ይመስለን ነበር።

እንግዲህ ስለ ኖራ ካነሣሁ፣ ይህ ነገር ወደ አገራችን የግንብ ሥራ እንደምን እንደገባ ማወቅ ይገባችኋል። ኖራ ማለት በእሳት የተቃጠለ ድንጋይ ነው፤ በውሃ ፈልቶ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ከአየሩ የሚፈልገውን ስቦ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስሙ ከዓረብኛ የተወረሰ ነው። ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ከሕንድ የመጡ ግንበኞች በኖራ መሥራትን በቤተ መንግሥት ዘንድ አስፋፉ። ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ከአገር ሲያስወጡ የኖራውን ሙያ ግን አላስወጡም፤ የጎንደር ግንብ የቆመው በኖራ ነው።

በምሥራቅም ሐረር አለች። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በጀጎል ውስጥ የቤቱንና የጠባቡን መንገድ ግንብ በነጭ፣ በአረንጓዴና በሌላም ቀለም መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ በዓል ሲደርስ ይታደሳል። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ቀይ አፈር የተቀባ መደብ ታያላችሁ፤ ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማሰብ ነው ብለው የሚተርኩ አሉ። በጉራጌ አገር መስቀል ሲቃረብ ሴቶች ቤቱን ጠርገውና ለቅልቀው ግድግዳውን በአዲስ ቀለም ያስጌጡታል፤ ከሩቅ አገር ለበዓሉ የሚመጣው ዘመድ የሚገባው ወደ ታደሰ ቤት ነው። በሃላባም በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ክብ የሣር ቤቶች በግድግዳቸው ላይ ልዩ ልዩ ሥዕል ተሥሎባቸው ያያል።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ በቡርኪና ፋሶ ቲየቤሌ የሚባል መንደር አለ። በዚያ ወንዶች የጭቃውን ቤት ይሠራሉ፤ ሴቶች ተሰብስበው በቀይ፣ በነጭና በጥቁር ያስጌጡታል፤ የንጉሡም ግቢ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በደቡብ አፍሪካም የንዴቤሌ ሕዝብ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1883 በቦየሮች ድል ተነሥቶ መሬቱን ተነጠቀ፤ ሕዝቡም ተበትኖ በቦየሮች እርሻ እንዲሠራ ተገደደ። ሴቶቹ ግን በየሄዱበት የቤታቸውን ግድግዳ በራሳቸው ጌጥ እየቀቡ፣ አገር ያጣው ሕዝብ ማንነቱን እንዳያጣ አደረጉ።

በነዚህ ሁሉ ዘንድ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀለሙን የሚቀባው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው፤ ስንጥቁን የሚያውቀውም እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ መቀባት ማለት ቤቱን ዞሮ መመርመር፣ የተሰነጠቀውን መድፈን፣ የሳሳውን መምረግ ነበር። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉትን እናቶቻችን በግድግዳው ላይ በሥራ ያሳዩ ነበር።

የከተማ ቤት ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ከፋ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ተይዞ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. ከተማረኩ ወዲህ፣ በወታደር ሰፈርና በገበያ ዙሪያ ከተሞች በረከቱ። ክቡ ቤት ቀስ በቀስ ለአራት ማዕዘኑ፣ ሣሩም ለቆርቆሮ ስፍራ ለቀቀ። ጣሊያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘ ጊዜ በጅማ የሠራቸው የተለሰኑ ሕንጻዎች የከተማ ቤት ምን መምሰል አለበት የሚለውን የሰውን አሳብ ለወጡት። ከዚያም በኋላ የቡና ዋጋ ጥሩ በሆነበት ዓመት ሁሉ በየመንደሩ አዲስ ቆርቆሮና አዲስ ቀለም ይታይ ጀመር። የሣሩ ክዳን ረዝሞ ግድግዳውን እንደ ባርኔጣ ይጋርደው ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ብዙ ጊዜ ብር ለመቆጠብ ሲባል ያጥራል። ስለዚህ ግድግዳው ከፊት ይልቅ ለዝናብ ተጋለጠ።

ቀጥሎም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የቤት ኪራይ ተቀነሰ፤ ለድኻው እፎይታ ሆነ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ሲገቡ፣ ግድግዳው ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሆነ። ተከራዩ «የቀበሌ ነው» ይላል፤ ቀበሌው «ገንዘብ የለኝም» ይላል፤ ዝናቡ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ሥራውን ይሠራል። በብዙ ከተማ የግድግዳ ልማድ የተቋረጠው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ራሴ በደል ልምጣ። በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ እኔ በቡናው አገር ባለች በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበርሁ። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ሊከበር፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም ሊመሠረት ነበር። በአዲስ አበባ የመፈክር ቅስቶች ቆሙ፤ የትግላችን ሐውልት ተሠራ፤ ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ለጌጡ ረዱ፤ በትላልቁ መንገድ ዳር ያሉትን ደሳሳ ቤቶች የሚጋርድ አጥር ተሠርቶ ቀለም ተቀባ። በዚያው ሰዓት በወሎና በትግራይ ሕዝብ በራብ ይረግፍ ነበር። የኮረም ሥዕል በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በዓለም ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ፣ ከቀለሙ ጀርባ ያለውን የሚናገር በአደባባይ አልነበረም።

ወደ እኛም ከተማ ትእዛዙ ደረሰ፤ በዋናው መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች ፊታቸው በኖራ ይቀባ ተባለ። እኔም ተማሪዎቼን ይዤ ወጣሁ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አላባራም። ኖራው ጥቂት ስለ ነበረ ከመንገድ የሚታየውን ብቻ እንድንቀባ ተነግሮናል። ከአንዲት ባልቴት ቤት ስንደርስ፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው ተመለከቱንና፣ «ልጄ፣ ፊቱስ ምንም አልሆነ፤ እኔ የምተኛው በጓሮው በኩል ነው። ማገሩ ወጥቷል። ኖራችሁ ይቅርብኝና እነዚህን ልጆች ግማሽ ቀን ስጠኝ፤ ጭቃ ያቡኩልኝ» አሉኝ። ዞሬ አየሁት። እውነታቸውን ነበር፤ የግድግዳው እግር በጠፈጠፍ ተበልቶ ቋሚው ሥሩ ጠቁሯል።

እኔ ግን በዚያ ቀን የምጨርሰው ሃያ ሦስት ቤት ነበረኝ። «እማማ፣ ትእዛዙ ስለ ፊት ለፊቱ ብቻ ነው። ጓሮውን ማን ያየዋል?» አልኋቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። «እንግዲያስ ቀቡት፤ ግን ግድግዳ የሚቀባው ቡናው ሲቀላ ነው። የዛሬው ቅብ ለዝናብ ነው» ብለው ገቡ።

ቀባነው። በበዓሉ ቀን ከተማው ነጭ ሆኖ ዋለ፤ እኔም ተመሰገንሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ሲጥል አደረና የባልቴቲቱ የጓሮ ግድግዳ ከነቋሚው ወደ ውስጥ ወደቀ። ጎረቤቶች ደርሰው ከሥሩ አወጧቸው፤ ሕይወታቸው ተረፈ፤ የዳሌ አጥንታቸው ግን ተሰብሮ ነበርና ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልተራመዱም። ጠዋት ስሄድ የፊቱ ግድግዳ ኖራው በዝናብ ተዥጎርጉሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ቤቱ ደኅና ነበር።

እኔና ተማሪዎቼ በጥቅምት ጭቃ አቡክተን ያን ግድግዳ መልሰን ሠራነው። ባልቴቲቱ በጎረቤት ደጃፍ ተቀምጠው፣ «ሣሩ ገና ነው፤ እርገጡት» እያሉ ያዙን ነበር። ወቀሳ አንድ ቀን እንኳ ከአፋቸው አልወጣም፤ ይህም ከወቀሳ ሁሉ ከበደኝ። ብዙ ጊዜ «እኔ ታዝዤ ነው» እያልሁ ኅሊናዬን ላጽናና ሞክሬያለሁ። እውነት ነው፤ ታዝዤ ነበር። ዳሩ ግን ጓሮውን ዞሬ እንዳላይ ማንም አልከለከለኝም፤ አይቼማ ነበር። ልጆቹን ግማሽ ቀን መስጠትም በእጄ ነበር።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1787 የሩስያ ንግሥት ካትሪን ወደ ክሪምያ ስትጓዝ፣ ሹሟ ፖተምኪን በመንገዷ ዳር ፊታቸው ብቻ የተቀባ ሐሰተኛ መንደሮች አቆመላት ይባላል። የታሪክ ሊቃውንት ወሬው እጅግ የተጋነነ ነው ይላሉ። የሆነ ሆኖ ስሙ ለእንዲህ ያለ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እኛ ደግሞ ውስጡን ለቄስ እንላለን። በየአገሩ እንዲህ ያለ አነጋገር መኖሩ፣ ነገሩ የአንድ መንግሥት ወይም የአንድ ዘመን በሽታ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ዛሬም ግድግዳ መቀባት አልቆመም። የቢራና የስልክ ኩባንያዎች የሱቁን ፊት በራሳቸው ቀለም ይቀቡታል፤ ባለሱቁ ቀለሙን በነጻ ስላገኘ ይደሰታል፤ የኋላው ግድግዳ ግን ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ፣ በመንገድ ዳር ያሉ ሕንጻዎች ፊታቸው እንዲታደስ ተደርጓል። ከተማ ሲያምር የሚከፋው ሰው የለም፤ እኔም አይከፋኝም። ነገር ግን ቀለም በተቀባ ቁጥር ያቺ ባልቴት ትዝ ይሉኛል፤ ከፊቱ ጀርባ የሚተኛው ሰው እንደምን አደረ ብዬ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል።

ለተማሪዬም ይህን ሁሉ ከነገርሁት በኋላ መልሴን ሰጠሁት። ቤቱ የጭቃ ነው፤ እርሱ ግን ሊገዛ ያሰበው የፕላስቲክ ቀለም ነበር። ጭቃ ከምድር እርጥበት ይስባል፤ በኖራ ወይም በአፈር ቢቀባ እርጥበቱ በግድግዳው በኩል ይወጣል። የፕላስቲክ ቀለም ግን መውጫውን ይዘጋዋል፤ ቀለሙ ያብጣል፣ ኋላም የያዘውን ጭቃ ይዞ ይላጣል። ከውጭ የሚያብረቀርቀው ግድግዳ ከውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ፣ «በመጀመሪያ የጣራውን ክፈፍ አርዝመው፤ ሁለተኛ ጠፈጠፉ የሚሄድበት ቦይ ቆፍር፤ ሦስተኛ የጓሮውን ስንጥቅ መርገህ አድርቅ፤ ከዚያ ኖራውን ከጓሮው ጀምር። ገንዘቡ ካለቀ የሚቀረው ፊቱ ይሁን» አልሁት። በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ልስኑ አንድ ወር ያህል እስኪጠና ሳትቀባ ታገሥ እለው ነበር።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት አሰበና፣ «ጋሼ፣ ጎረቤት ይሥቅብኛል እኮ» አለኝ። «ይሥቅብህ፤ ቤቱ ግን አይወድቅብህም» አልሁት።

ወጣቶች ሆይ፣ እኔ ይህን የጻፍሁላችሁ ቀለም ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ቤቱን ነጭ አድርጎ እንግዳ መቀበል መልካም ልማድ ነው፤ እናቴም ታደርገው ነበር። የምለምናችሁ ነገር አንድ ብቻ ነው። ነገ እናንተ አስተማሪ፣ ሹም፣ መሐንዲስ ወይም የራሳችሁ ቤት ጌታ ትሆናላችሁ። ከፍ ካለ ስፍራ «ፊቱ ይቀባ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣባችሁ፣ ወይም የገዛ ልባችሁ እንዲህ ሲላችሁ፣ ከመቀባታችሁ በፊት ጓሮውን ዙሩ። የወጣ ማገር ካያችሁም አይታችሁ አትለፉት።

በኅዳር ወር ወደ ሚዛን ተፈሪ ሄጄ የልጁን ቤት አየሁት። ጓሮውና ጎኖቹ በኖራ ነጥተዋል፤ እግራቸው እስከ ጉልበት ጥቁር ተቀብቷል። ከመንገዱ በኩል ያለው ፊት ገና የጭቃ መልኩን እንደያዘ ነው። ባለቤቱ ቡና ልታፈላ እሳት ስታያይዝ፣ እርሱ ወደዚያ ያልተቀባ ግድግዳ እያሳየኝ፣ «ለከርሞ ቡናው ሲቀላ፣ ጋሼ» አለኝ።